ለጢማሟ አሞራ የሚሆን ካሜራ

[መካነ ሰላም፣ ሚሊኒየሙ ካለፈ በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር ወር፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። የሃሩን ፎቶ ቤት። አንድ ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ፤ ሚስማሩ ላይ ለደንበኛ ሁሉ የሚለበስ አንድ ጥቁር ኮትና እንደታሰረ የሚኖር አንድ ክራባት። ባለቤቱ ሃሩን ባንኮኒው ላይ በዐረብኛ የተጻፈ የሱቅ ማስታወቂያ ዘርግቷል። ወዳጁ ደሳለው የጫካ ጥበቃ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ግን ከማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ሥር ካለው ሶኬት ላይ ነው። ስልኩ እዚያ ተሰክቷል። ከመንገዱ ማዶ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል።]

ሃሩን፦ ጆሮ የላትም ነው የምትለኝ?

ደሳለው፦ አላት። ላባው ሸፍኖት አይታይም እንጂ።

ሃሩን፦ ካልታየማ ፎቶ አይባልም! አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የዚህን አገር ልጅ እያነሳሁ ዐረብ አገር የላክሁት እኔ ነኝ። ጆሮ ሳይታይ ያለፈ ፓስፖርት አንድ የለም። «አገጭ ዝቅ፣ አፍ ግጥም፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ!» ይኸው ነው ሕጉ።

ደሳለው፦ አሞራዋ እኮ የትም አትሄድም፣ ሃሩኔ።

ሃሩን፦ ትሂድ አትሂድ፣ ሕግ ሕግ ነው።

ደሳለው፦ እሺ። [ወደ ሶኬቱ አንገቱን እየሰገገ] ስንት ሰዓት ሆነ?

ሃሩን፦ ሰባት ተኩል። አብሽር! ልጅህ የምትደውለው ስምንት ሰዓት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ለኔ ብዙ ነው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ካሜራውን ለምን ፈለግኸው?

ደሳለው፦ ነግሬህ ነበር እኮ። ባለፈው ሳምንትም፣ ዛሬ ጧትም።

ሃሩን፦ ባለፈው ሳምንት እየሰማሁህ አልነበረም። ዛሬ ጧት ደግሞ የማወራው እኔ ነበርኩ። ድገምልኝ።

ደሳለው፦ ከጥበቃ ቤቴ ፊት ለፊት ገደል አለ አይደል? ከገደሉ ማዶ፣ እሰንጥቁ ውስጥ፣ ጢማሟ አሞራ ጎጆ ሠርታለች። ያችኛዋ፣ አጥንት ወደ ሰማይ ይዛ ወጥታ ድንጋይ ላይ ጥላ የምትሰብረዋ።

ሃሩን፦ ሴት ሆና ጢም?

ደሳለው፦ እሷም ባሏም ጢም አላቸው።

ሃሩን፦ ያ ረቢ! በፓስፖርት ብትመጣ ይመልሷት ነበር። እሺ፣ ቀጥል።

ደሳለው፦ ያንን ገደል ለኮብልስቶን ድንጋይ ማውጫ ሊሰጡት ነው። ለወረዳው ባለሙያ ጎጆ አለበት ብዬ ነገርኩት። መጣ፤ ወዲህ ቆሞ ወዲያ አሻግሮ አየ። «አቶ ደሳለው፣ እኔ የሚታየኝ ኩስ ብቻ ነው» አለኝ። ከዚያ «አሞራዋን ጎጆዋ ላይ እንዳለች የሚያሳይ ፎቶ እስከ ገና ካመጣህ ገደሉን አስከብርልሃለሁ፤ ካላመጣህ እፈርማለሁ» ብሎኝ ሄደ። አሥራ ሁለት ዓመት ነው ያየኋት፣ ሃሩኔ። ድንጋዩ በድማሚት ሲፈነዳ እንቁላሏን ትታ ትሄዳለች። እሷ ከሄደች እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ምንድነው?

ሃሩን፦ አይዞህ ወንድሜ። ለዚህ ነው እኔን ያገኘኸኝ።

ደሳለው፦ ልጄ የኔአለም ደግሞ ከኩዌት ካሜራውን እኔ እገዛለሁ አለች። ጓደኛዋ ራሕማ ዛሬ ማታ ወደ አገር ትበራለች፤ ይዛልኝ ትመጣለች። ከራሕማ ሌላ እስከ ፋሲካ የሚመጣ ሰው የለም። ማስታወቂያው ላይ ሁለት የካሜራ ካርቶን በእስክሪብቶ ከብባ ላከችልኝ፤ ዋጋቸው እኩል ነው፣ በስምንት ሰዓት ልደውል፣ አንዱን ምረጥልኝ ነው ያለችው። በቃ ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት ያ ፈረንጅ መጥቶ ሳለ…

ሃሩን፦ አብሽር! ፈረንጁን ተወው፣ ለኔ ተወው። ማስታወቂያው በዐረብኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁርአን ቤት ዐረብኛ ቀርቼ ያደግሁ ነኝ። ስማ እንግዲህ።

[ጉሮሮውን ይጠርጋል። ድምፁን አሳምሮ፣ እየጎተተና እያዋዛ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ያነበንበዋል። ደሳለው ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ጋቢውን ከራሱ ላይ ያወርዳል፤ እጆቹን አጣምሮ ይቆማል።]

ደሳለው፦ አሚን።

ሃሩን፦ ምን አሚን ትላለህ አንተ ሰውዬ! የሱቅ ወረቀት እኮ ነው!

ደሳለው፦ ድምፅህ አንጀት ይበላል። ምን ይላል?

ሃሩን፦ እ?

ደሳለው፦ ያነበብከው። ምን ማለት ነው?

ሃሩን፦ እኔ የተማርኩት ማንበቡን ነው። ትርጉሙ ሌላ ኪታብ ነው፤ እዚያ ሳልደርስ ፎቶ ጀመርኩ።

ደሳለው፦ [ተመልሶ እየተቀመጠ] ብቻ ድምፅህ ደግ ነው።

ሃሩን፦ ትርጉም ምን ያደርግልሃል! ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ ሥዕሉንም ያየ ያውቀዋል። ይኸውልህ፤ አንደኛው ካርቶን አሥራ አራት ሜጋፒክስል ነው። ሁለተኛው አሥር። አንተ ሰው፣ በእኩል ዋጋ አሥራ አራት እያለልህ አሥር የምትወስድበት ምን ምክንያት አለህ?

ደሳለው፦ ሜጋፒክስሉ ምንድነው?

ሃሩን፦ ነጥብ ነው። ፎቶ ማለት ነጥብ በነጥብ ነው። አንደኛው አሥራ አራት ሚሊዮን ነጥብ አለው።

ደሳለው፦ ከዚያ ውስጥ አሞራዋ ላይ ስንቱ ያርፋል?

ሃሩን፦ ሁሉም ነዋ።

ደሳለው፦ ገደሉስ?

ሃሩን፦ ገደሉም ይደርሰዋል።

ደሳለው፦ ሰማዩስ?

ሃሩን፦ ሰማዩም ይደርሰዋል! አሥራ አራት ሚሊዮን ነው እያልኩህ!

ደሳለው፦ ሰማዩ እኮ ሰፊ ነው። ገደሉም ሰፊ ነው። አሞራዋ ከወዲህ ስትታይ እንዲህ ናት። [የአውራ ጣቱን ጥፍር ያሳየዋል] በየስፋታቸው ሲደለደል ለሷ የሚደርሳት…

ሃሩን፦ ነጥብ የቀበሌ ዘይት መሰለህ? በነፍስ ወከፍ አይደለደልም!

ደሳለው፦ እሺ። [ወደ ሶኬቱ ያያል] መብራት ገና አሁን መምጣቱ ነው፤ ይሞላ ይሆን?

ሃሩን፦ ዓይንህን ወዲህ አድርግ! ሰው ሲያስተምርህ ግድግዳ ታያለህ። ተመልከት፣ አንደኛው ካርቶን ምርቃት አለው። ይቺ ቦርሳ። ይኸ ደግሞ ሦስት እግር ማቆሚያ። ሁለተኛው ምን አለው? ምንም። ደረቁን ነው።

ደሳለው፦ የሁለተኛው አፍንጫው ረዥም ነው።

ሃሩን፦ ሌንስ ይባላል።

ደሳለው፦ ሌንሱ ረዥም ነው። የአንደኛው ስኒ ታክላለች። ሩቁን የሚያመጣው ረዥሙ አይደለም ወይ? ባለፈው ዓመት ያ ፈረንጅ…

ሃሩን፦ አብሽር አልኩህ! ረዥም ሌንስ ለኳስ ሜዳ ነው። ሰው ላይ ስታነጣጥረው ይደነግጣል። አስበው፣ ሙሽራዋ ቁጭ ብላ፣ ቬሎዋ ተንጣልሎ፣ አንተ ያንን ቧንቧ ስትደቅንባት!

ደሳለው፦ የምን ሙሽራ?

ሃሩን፦ አሞራዋ! አሞራዋ ማለቴ ነው።

ደሳለው፦ ቬሎዋስ?

ሃሩን፦ ላባዋ። አንድ ነው። ነጭ አይደለም?

ደሳለው፦ ክንፏ ጥቁር ነው፤ ደረቷ ወደ ብርቱካን ያደላል።

ሃሩን፦ በል ተወው። ዋናው ነገር፣ ፎቶ አንሺ ወደሚነሳው ሰው ይጠጋል እንጂ ባለበት ተገትሮ በቧንቧ አያይም። ተጠጋት! ስንት እርምጃ ትርቃለች?

ደሳለው፦ በእርምጃ አይሄድም፤ ገደል ነው።

ሃሩን፦ ቢኬድ?

ደሳለው፦ ቢኬድ መቶ። ሦስተኛው ላይ ትሞታለህ።

ሃሩን፦ አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ። በአንደኛው ካሜራ ከሩቅ ታነሳታለህ፤ ፎቶውን ለኔ ታመጣዋለህ፤ እኔ ኮምፒዩተር ላይ እጎትታታለሁ። አለቀ።

ደሳለው፦ ተጎትታ ስትመጣ ዓይን ይኖራታል?

ሃሩን፦ ባይኖራት እሠራላታለሁ! የወዳጃችንን የአባተን ፎቶ አይተሃል? ኮት ለብሶ ያውቃል? ክራባት አስሮ ያውቃል? እኔ አይደለሁም ያለበስኩት? ለአሞራ ዓይን ያቅተኛል? ከኋላዋ ደግሞ ከፈለግህ ይኸን ፏፏቴ፣ ካሻህም የዱባይን ፎቅ አደርግልሃለሁ።

ደሳለው፦ ኧረ ሃሩኔ! ማስረጃው ገደሉ ነው። ከኋላዋ ፎቅ ካደረግህባት ባለሙያው «አሞራዋ ዱባይ ሄዳለች» ብሎ ይፈርማል።

ሃሩን፦ [ተናዶ] አንተ በቃል አይገባህም። በተግባር ላሳይህ። [ከመደርደሪያው ፊልም የሚጎርስ አሮጌ ካሜራ ያወርዳል] ይቺን ታያታለህ? ከሚሊኒየሙ በፊት በዚች አንስቼ ፊልሙን ለማሳጠብ ደሴ ድረስ እልክ ነበር። ሌንሷ ካንደኛው ካርቶን ሌንስ ጋር ያው ናት፤ እኩያ ናቸው። ሂድ፣ መንገዱን ተሻገርና ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቁም።

ደሳለው፦ ምን ልሠራ?

ሃሩን፦ አሞራ ሁን።

ደሳለው፦ እኔ?

ሃሩን፦ ታዲያ እኔ ልሁን? ካሜራውን ማን ይያዘው? ሂድ!

[ደሳለው ስልኩን አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ይወጣል። ሃሩን በሩ ላይ ቆሞ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል።]

ሃሩን፦ [እየጮኸ] ክንፍህን ዘርጋ!

ደሳለው፦ [ከማዶ፣ ጋቢውን በሁለት እጁ ወጥሮ] እንዲህ?

ሃሩን፦ ከፍ! ከፍ አድርገው! አገጭ ዝቅ! ጆሮህን አሳየኝ!

ደሳለው፦ ኧረ ሰው ከበበኝ! ወይዘሮ በዛች «ደሳለውን ምን ነካው» እያሉ እያማተቡ ነው!

ሃሩን፦ አትናገር! አሞራ አይናገርም!

ደሳለው፦ ልምጣ?

ሃሩን፦ ና፣ ና ግባ።

[ደሳለው አቧራና ዱቄት እያራገፈ ይገባል።]

ደሳለው፦ እንዴት ነኝ?

ሃሩን፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ዘቢብ ታክላለህ።

ደሳለው፦ ዓይኔስ?

ሃሩን፦ እኔ ራስህንም ከጋቢህ አልለየሁት። ግን ጥፋቱ ያንተ ነው። ከሲታ ነህ። አሞራ ወፍራም ነው።

ደሳለው፦ እኔ ከአሞራዋ ስንት እጥፍ እሆናለሁ፣ ሃሩኔ። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። እሷ መቶ…

ሃሩን፦ ቆይ፣ ቆይ! አገኘሁት። ችግሩ ርቀቱ አይደለም።

ደሳለው፦ ምንድነው?

ሃሩን፦ ብርሃን ነው! ወፍጮ ቤቱ በር ጥላ ነው። አሞራዋም ያለችው ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያንተ መድኃኒት ፍላሽ ነው። አንደኛው ካርቶን ደግሞ ፍላሹ ከላይ ብድግ የሚል ነው፣ ይኸው ሥዕሉ።

ደሳለው፦ ፍላሽ ገደል ይሻገራል?

ሃሩን፦ ብርሃን ምን ድልድይ ያስፈልገዋል? ቆይ ላሳይህ። [ባለ ጃንጥላውን የስቱዲዮ ፍላሽ ከጥግ ይጎትታል] የት አለ ሶኬቱ… ይኸን ደግሞ ማነው እዚህ የሰካው?

ደሳለው፦ ተው! ሃሩን፣ እሱን አትንካ…

ሃሩን፦ አንድ ጊዜ ነው፣ አብሽር!

[የደሳለውን ስልክ ነቅሎ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ ፍላሹን ይሰካል። ጃንጥላውን ወደ ውጭ ወደ ወፍጮ ቤቱ ያዞረዋል።]

ሃሩን፦ አሁን ወፍጮ ቤቱን እይ! አንድ… ሁለት…

[ፍላሹ ቦግ ይላል። በዚያው ቅጽበት ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ይጠፋል። የወፍጮው ድምፅ እያቃሰተ፣ እየረገበ፣ ዝም ይላል።]

ደሳለው፦ ምን ሆነ?

ሃሩን፦ መብራት ሄደ።

ደሳለው፦ የቤትህ?

ሃሩን፦ [በሩ ላይ ወጥቶ ግራ ቀኙን አይቶ ይመለሳል] የከተማው። ወላሂ የኔ ፍላሽ አይደለም። በአንድ ፍላሽ ከተማ አይጠፋም። ይጠፋል እንዴ?

ደሳለው፦ [ስልኩን አንሥቶ እያየ] አንድ መስመር።

ሃሩን፦ የምን መስመር?

ደሳለው፦ የባትሪው! አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረው! [ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ ይላል] አንተ ሰውዬ፣ ልጄ በዚህ ስልክ ነው የምትደውለው! ሌላ ቁጥር አታውቅም! ያንተን ስልክ ወዲህ በል፣ ሲሜን ልክተትበት።

ሃሩን፦ የኔን ፈይዛ ይዛው ሄዳለች። ባለቤቴ እኮ ለለቅሶ ኩታበር ናት።

ደሳለው፦ አየህ! ገደሉን ሸጥከው!

ሃሩን፦ አትጩህብኝ፣ ደሳለው። አንድ መስመር ለኔ ብዙ ነው። ስትደውል እኔ ላናግራት፤ ነገሩን ባጭሩ የማስረዳ እኔ ነኝ። አንተ ስታወራ ትንቀራፈፋለህ።

[ስልኩ ይጮኻል። ሃሩን ከደሳለው እጅ ላፍ ያደርገዋል።]

ሃሩን፦ አሎ! የኔአለም! አሰላሙ አለይኩም!

የኔአለም፦ [በስልክ ድምፅ] ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሼ ሃሩን! ምነው፣ አባዬ ደኅና አይደለም እንዴ?

ሃሩን፦ ደኅና ነው፣ አጠገቤ ነው። አንቺ እንዴት ነሽ? ሰላም ነሽ? አማን ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው እንዴት ነው? ሙቀቱስ በረድ አለ? ማዳምሽ ደኅና ናት? የማዳምሽ ልጆችስ?

የኔአለም፦ ደኅና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። እናንተስ? ፈይዛ ደኅና ናት? ልጆቹስ? እማዬስ? አዝመራው እንዴት ነው?

[ስልኩ ጢጥ ይላል።]

ደሳለው፦ ሃሩን!

ሃሩን፦ [ስልኩን በእጁ ሸፍኖ] ሰላምታ ላይ ነን እኮ! ሰላምታ እንዴት ይቆረጣል? [ወደ ስልኩ] አዝመራው ማሻአላህ ነው! ጤፉ ታጨደ፤ ስንዴው ደረሰ። የአጎትሽ የይርዳው ላም ወለደች…

የኔአለም፦ እሰይ! ምን ወለደች?

ሃሩን፦ ወንድ ጥጃ! ቡሬ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ…

[ስልኩ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ደሳለው ስልኩን ይነጥቀዋል፤ ጀርባውን ይሰጠዋል።]

ደሳለው፦ የኔአለሜ፣ እኔ ነኝ፣ ዝም ብለሽ ስሚ፣ ባትሪ የለኝም። ሁለተኛውን ካርቶን ግዢ። ሌንሱ ረዥሙን፣ ሦስት መቶ ተብሎ የተጻፈበትን። አሥሩ ነጥብ ይበቃናል። ሌንሱ ጎን ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋ ቁልፍ መኖሩን በዓይንሽ እዪ፤ ከሌለው እሱ ያለውን ይለውጥልሽ። ባትሪ ሁለት ይሁን፤ እኔ ያለሁበት መብራት የለም። ካርዱ ባለ ስምንት ጊጋ። ቦርሳ አልፈልግም፣ በጋቢዬ እጠቀልለዋለሁ። ብር ከመክፈልሽ በፊት እሱቁ በር ላይ ቁሚና ከመንገዱ ማዶ ያለች ርግብ አንሺበት። ዓይኗ ከታየሽ ግዢው፣ ካልታየሽ ተይው። ድገሚልኝ።

የኔአለም፦ ሁለተኛው፤ ሦስት መቶው፤ የሚያረጋጋ ቁልፍ፤ ሁለት ባትሪ፤ ስምንት ጊጋ፤ ቦርሳ ይቅር፤ ርግብ ከነዓይኗ። ገባኝ። ለራሕማ አሁኑኑ እሰጣታለሁ። አባዬ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ?

ደሳለው፦ ሰላምታውን ሃሩን በላብን፣ የኔ ዓለም። እኔስ በጣም ናፍቀ…

[ስልኩ ይጠፋል። ደሳለው የጠፋውን ስልክ ጥቂት ያየዋል፤ በጋቢው ጫፍ ይጠርገዋል፤ ኪሱ ይከተዋል። ሃሩን አፍጥጦ ያየዋል።]

ሃሩን፦ ደሳለው።

ደሳለው፦ አቤት።

ሃሩን፦ አሁን ያወራኸው አንተ ነህ?

ደሳለው፦ እኔ ነኝ።

ሃሩን፦ የሚያረጋጋ ቁልፍ… ይኸን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

ደሳለው፦ ባለፈው ዓመት ያ ፈረንጅ መጥቶ ሳለ… [ዝም ብሎ ይጠብቃል]

ሃሩን፦ በል እንጂ! ቀጥል!

ደሳለው፦ ኧረ ለምዶብኝ ነው። እዚች ላይ ስደርስ ታቋርጠኝ ነበር።

ሃሩን፦ አላቋርጥህም!

ደሳለው፦ ባለፈው ዓመት ያ ፈረንጅ ወፍ ሊያነሳ መጥቶ አሥራ አንድ ቀን ዕቃውን የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። ሲያነሳ አያለሁ። ያነሳውን ያሳየኛል። አጭሩን ሌንስ አንድ ቀንም ከሻንጣው ሲያወጣው አላየሁም። ኋላ ኋላ ጉልበቱን ሲያመው «አንተ ሂድና አንሳ» እያለ ካሜራውን ይሰጠኝ ነበር። ሲሄድ አንዱን ወፍ ያነሳው ደሳለው ነው ብሎ ከፎቶው ሥር ስሜን ጻፈልኝ።

ሃሩን፦ ይኸን እያወቅህ ነው አሥራ አራት ሚሊዮን ነጥብ ስቆጥርልህ ዝም ያልከኝ?

ደሳለው፦ ዝም መቼ አልኩ? ስጠይቅህ ነበር እኮ።

ሃሩን፦ አደባባይ ላይ አሞራ ሁን ስልህስ?

ደሳለው፦ እኔ እንኳ አጭሩ ሌንስ እንደማያሳይህ ስታይ ይገባሃል ብዬ ነው የቆምኩልህ። አንተ ከሲታ ነህ አልከኝ።

ሃሩን፦ እሺ፣ የሚገዛውን ካወቅህ፣ ከጧት ጀምሮ እኔ ጋ ምን ልትሠራ መጣህ? ለምክር አይደለም?

ደሳለው፦ ስልኬን ልሞላ ነዋ።

ሃሩን፦ እ?

ደሳለው፦ ጥበቃ ቤቱ መብራት የለውም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቼ በእግሬ የመጣሁት ለሶኬትህ ነው። ስልኩ እስኪሞላ ዝም ብለን ከምንቀመጥ ብዬ ማስታወቂያውን አሳየሁህ። እሱንም አንተ ነቀልክብኝ።

[ሃሩን በርጩማው ላይ ዘፍ ይላል። ክራባቱን ከሚስማሩ አውርዶ ፊቱን ይጠርግበታል።]

ሃሩን፦ ወይ ጉዴ። አሁን ለአባተ ምን ልበለው?

ደሳለው፦ አባተ ምን አገባው?

ሃሩን፦ ጥር ላይ ልጁን ይድራል። እኔ ደግሞ… በአዲስ የኩዌት ካሜራ ነው የማነሳልህ ብዬው፣ እሱም ለዘመድ አዝማድ አውርቶ ጨርሷል።

ደሳለው፦ የትኛው ካሜራ?

ሃሩን፦ ያንተ ነዋ። አንደኛው ካርቶን ይመጣል ብዬ። ለሰርግ የሚሆነው እሱ ነበር።

ደሳለው፦ አሃ! ለዚህ ነው አሞራዬን ቬሎ ያለበስካት!

ሃሩን፦ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ደሳለው። የአንድ ሰፈር ልጆች ነን፣ አብረን ነው ያደግነው። የመጣውንም ቢሆን ለአንድ ቀን ታውሰኛለህ አይደል?

ደሳለው፦ ምን ቸገረኝ፣ አሞራዋን ካነሳሁ በኋላ ውሰደው።

ሃሩን፦ አላህ ይስጥህ! አላህ…

ደሳለው፦ ብቻ አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ሌንስ ከቅርብ ሲያነጣጥሩበት የሙሽራዋን የአፍንጫዋን ጫፍ ነው የሚያሳይህ። ሙሉዋን ከነሚዜዎቿ እንድታገኛት ሙሽሮቹ እዚህ መካነ ሰላም ይቁሙ፤ አንተ ደግሞ በማለዳ ተነሥተህ ወግዲ ወረዳ ድረስ ሂድና ከዚያ ሆነህ አንሳቸው።

[ሃሩን አፉን እንደከፈተ ይቀራል። በዚህ መሐል መብራት ይመጣል። ማዶ ወፍጮው ማጓራት ይጀምራል። ተሰክቶ የቀረው ፍላሽ በራሱ ጊዜ ሃሩን ፊት ላይ ቦግ ይላል። ደሳለው ፍላሹን ነቅሎ ስልኩን መልሶ ይሰካል፤ ከዚያ አሮጌውን ካሜራ ከባንኮኒው አንሥቶ፣ ከፏፏቴው መጋረጃ ፊት ደርቆ ወደ ቀረው ወዳጁ ያነጣጥራል።]

ደሳለው፦ አገጭ ዝቅ። አፍ ግጥም። ሁለቱም ጆሮ ይታይ።